የተሰፋው ገጽ

"ቀስ በይ! ወረቀቱን እንዳትቀጂው። እናቴ ናት የሰፋችው" አሉ አክስት ቨርዲ።

ዊልዳ በትንሽ መቀስ ጥቁሩን ክር አንድ በአንድ ትበጥሳለች። የቤተሰቡ መጽሐፍ ቅዱስ ጉልበቷ ላይ ከብዷታል። በብሉይና በሐዲስ መካከል ልደትና ሞት የሚጻፍባቸው ሁለቱ ገጾች፣ ፊት ለፊት ተገጥመው ዙሪያቸውን ተሰፍተዋል።

ጣጣው የመጣው ባለፈው እሑድ ነው። የኬንታኪ ሰው በግንቦት የዘመዶቹን መቃብር አጽድቶ አበባ ያኖራል። ዊልዳ የአያቷን የኦርፋን ድንጋይ በብሩሽ ስትፈትግ፣ ድንጋዩን ከሸፈነው ሽበት ሥር የልደቷ ዘመን ወጣ፤ 1912። አንድ ዘመዳቸው ያሳተመው የትውልድ መጽሐፍ ግን ኦርፋ በ1914 ከኬዛያ ተወለደች ይላል።

ኬዛያ የአክስት ቨርዲ እናት፣ የኦርፋ አባት ሁለተኛ ሚስት ነበረች። የፊተኛዋ ዴልፊያ ፕሩት ናት። የፕሩቶችን ደም ሸለቆው ሁሉ ያውቀዋል፤ አርባን ሲሻገሩ እጃቸው ይንቀጠቀጣል፣ ቀጥሎ አእምሯቸው ይሄዳል። ከሁለት ልጅ አንዱን አይምርም።

ዊልዳ አርባ ሦስት ዓመቷ ነው። አያቷ በወሊድ፣ እናቷ በመኪና አደጋ፣ ሁለቱም አርባ ሳይሞላቸው ሞተዋል። ልጇ ታንሲ በሚቀጥለው ወር ዋይሎንን ታገባለች።

የመጨረሻው ክር ተበጠሰ። በቀኝ፦ ኦርፋ ተወለደች፣ መጋቢት 4 ቀን 1912። በግራ፦ ዴልፊያ ሞተች፣ መጋቢት 11 ቀን 1912።

"አውቄው ነበር" አለች ዊልዳ።

"አንቺማ ሲያካፋ ጎርፍ ይታይሻል።"

"መጣ አይደል ታዲያ ጎርፉ! መጽሐፉን ያሳተመው ሰውዬስ አላየውም?"

"እዚሁ ተቀምጦ ሁለት ሳህን ባቄላ በላ። ገጹን ይክፈቱልኝ ሲለኝ፣ በስብሷል አልኩት። የነገርኩትን ጻፈ።"

"ዋሹት!"

"ዋሸሁት። እናቴ ኦርፋን ከእኔ ከወለደችኝ አስበልጣ ነው የወደደቻት። የፕሩት ልጅ ከተባለች ማን ያገባታል ብላ ሰፋችው።" አሮጊቷ የመርፌ ቆርቆሯቸውን ገፋ አደረጉላት። "አንቺም እናት ነሽ። ስፊው። ልጅቷ በደስታዋ ታግባ።"

ዊልዳ ክሩን አራሰችና ወደ መርፌው ቀዳዳ ሰደደችው። ሳተ። ደገመችው፤ አሁንም ሳተ። ጣቶቿን አየቻቸው። ፍርሃት ይሁን ሌላ፣ መለየት አልቻለችም። አክስት ቨርዲም አዩ፤ ግን ፊታቸውን ወደ መስኮቱ መለሱ።

መርፌውን ቆርቆሮው ውስጥ መልሳ ስልኳን አነሣች።

"ታንሲ፣ አክስት ቨርዲ ቤት ነይ።"

"ደግሞ ዛሬ ማን ሞተ፣ እማዬ?" ታንሲ ሳቀች።

"ማንም። የማሳይሽ ጽሑፍ አለ። ዋይሎንንም ይዘሽው ነይ። እሱም ማየት አለበት።"

ታንሲ መሳቋን አቆመች። "እሺ።"

"ደግሞ ቀስ ብላችሁ ንዱ። ድልድዩ ጋ መንገዱ ያንሸራትታል።"