የሳጊንባይ ሙሾ

የዙራካን እንጀራ የሰው አፍ ነበር። በናሪን ተራሮች መካከል በተሸጎጠችው ወረዳ ድልድይ ሲመረቅ፣ የፈረስ እሽቅድምድም ሲከፈት፣ ጡረተኛ ሲሸኝ፣ አስተዳዳሪው መድረክ ላይ ቆሞ የሚያነበውን ንግግር የምትጽፈው እሷ ነበረች። ሃያ ምናምን ዓመት እንዲህ ኖረች። ሦስት አስተዳዳሪዎች ተፈራረቁባት፤ ሦስቱንም ንቃቸዋለች። አብልጣ የናቀችው ግን የመጨረሻውን፣ ሳጊንባይን ነው። ሁለቱ ቢያንስ ንግግሩን እንዳልጻፉት ያውቁ ነበር። ሳጊንባይ ግን አንብቦ ሲጨርስ የራሱ እየመሰለው ዓይኑ እንባ ያቀርር ነበር።

ስልሳ ዓመት ሲሞላው ምክትሉ የሚያነበውን ውዳሴ እንድትጽፍ አዘዛት። ባለ ልደቱ ራሱ ረቂቁን ይዞ ቢሮዋ ድረስ መጣ።

«‹ፀሐይ ፊቷን የምታዞርለት ተራራ ነህ፤ በረዶህ ቀድሞ ይቀልጣል፣ ሣርህ ቀድሞ ይበቅላል› ይላል እዚህ ጋ። ቆንጆ ነው» አለ። «ግን ሣሩ ላይ ፈረስ ቢጨመርበትስ? ሣር ብቻውን ድሃ ድሃ ይሸታል።»

«ስንት ፈረስ ይሁንልዎ?»

«እሱን አንቺ ታውቂያለሽ። መንጋ ይሁን።»

መንጋ ጨመረችለት። በዓመቱ፣ እሷ አርባ ስምንት በገባችበት ወር፣ አስጠርቶ አሰናበታት።

«ዙራካን፣ ዘመኑ ተለወጠ» አላት፣ ወንበሩ ላይ ወደ ኋላ ተለጥጦ። «የእህቴ ልጅ ኮምፒውተሩ ላይ አንድ ነገር ጭኖልኛል። ርዕሱን ብቻ ትነግሪዋለሽ፣ ንግግሩን ጽፎ ይሰጥሻል።»

«ፈረሱንም ይጨምራል?»

«ሁሉንም ይጨምራል!» አለ በኩራት። እየተቀለደበት መሆኑ ፈጽሞ አልገባውም።

በመሸኛዋ ቀን ፔርሙዝና የምስክር ወረቀት ሸለሟት። ሳጊንባይ ያነበበው የማሽኑን ንግግር ነበር። ለወረዳው የወተት ምርት ማደግ ላበረከተችው አስተዋጽኦ ከልብ አመሰገናት። ዙራካን በሕይወቷ ላም አልባ አታውቅም። አዳራሹ ግን አጨበጨበ፤ ያ አዳራሽ ያላጨበጨበለት ነገር የለም።

ዋና ከተማው ቢሽኬክ ያለችው ልጇ ኑርዛት፣ እናቷ ከቤት ውላ ከግድግዳ ጋር ስትጣላ ዝም ብላ ማየት አላስቻላትም። «አፓ፣ እናቴ፣ እዚህ ጥሩ ሥልጠና አለ፤ ከፍዬልሻለሁ» ብላ አስመጣቻት። ሥልጠናው «ሁለተኛ ሕይወትሽ» ይባላል። አሠልጣኙ ነጭ ስኒከር ያደረገ ጢሙ ገና በቅጡ ያልወጣ ጎረምሳ ነው። ከሥራ የተባረሩ፣ የተፋቱ፣ ያኮረፉ ሴቶችን በክብ አስቀምጦ ዓይናችሁን ጨፍኑ አላቸው።

«አሁን ከአምስት ዓመት በኋላ ካለችው ራሳችሁ ጋር ተገናኙ። ዙራካን ኤጄ፣ ታላቅ እህቴ፣ ምን ይታይዎታል?»

«አምስት ዓመት የባሰባት አሮጊት።»

«ግሩም! ምን ትልዎታለች?»

«ዓይንሽን ግለጪና ቦርሳሽን ያዢ ትለኛለች።»

ሴቶቹ በሳቅ ፈረሱ፤ አብራት የመጣችው ኑርዛት አንገቷን ደፋች። ዙራካን በማግስቱ ወደ ተራራዋ ተመለሰች። አውቶቡሱ ውስጥ ግን አንድ ነገር እረፍት ነሳት። እውነቱን ለመናገር፣ ዓይኗን ጨፍና ምንም አላየችም ነበር። አምስት ዓመት ቀርቶ የሚቀጥለው ማክሰኞ አልታያትም። ያን ሁሉ ዓመት ለሌሎች ቃል ስታዋጣ ለራሷ አንዲት ዓረፍተ ነገር አላስቀረችም። ሰውን መናቅ ሥራ ይመስላት ነበር፤ ሥራው ሲሄድ ንቀቱ ብቻውን ቀረ።

በዚያው ዓመት መኸር አክስቷ ሞተች። እንደ ደንቡ የሱፍ ድንኳኑ ተተከለ፤ ወንዶቹ ደጅ ቆመው ይጮኻሉ፣ ሴቶቹ ውስጥ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ሙሾ ያወርዳሉ። የሟቿ ምራት ሙሾውን ከስልኳ እያየች ታነባለች። «እንደ ውቅያኖስ ጥልቅ የነበርሽ» ስትል ዙራካን አላስቻላትም። አክስቷ ከወንዙ የሚበልጥ ውኃ አይታ አታውቅም!

«ተነሺ ከዚህ» አለቻትና ቦታዋን ያዘች። እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ጀመረች። ከረሜላ ደብቃ የደበቀችበት ስለሚጠፋት አክስቷ፣ ቴሌቪዥን ላይ ስለ አየር ጠባይ የሚናገረውን ሰው በየምሽቱ ስለምትረግም፣ እግሯ የተሰበረውን ባዝራ ሊያርዷት ሲሉ በር ላይ ተጋድማ ስላስጣለችው አክስቷ አንጎራጎረች። ደጅ የቆሙት ወንዶች በለቅሶ መሐል ሳቁ፤ ከሳቁ በኋላ ያለቀሱት ለቅሶ ግን ከፊተኛው ይበልጥ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ሰው ሲሞት ይጠሯት ጀመር። ቁራጭ ጨርቅ፣ ሥጋ፣ አንዳንዴም በግ ይሰጧታል። የድሮ የቢሮ ባልደረቦቿ ገበያ ላይ ሲያገኟት ከንፈር መጠጡላት። «ውይ ዙራካን፣ ከቢሮ ወርደሽ አልቃሽ ሆንሽ?»

«ድሮም አልቃሽ ነበርኩ» አለቻቸው። «ወንበር ላይ ስለተቀመጥኩ ነው ያላወቃችሁኝ።»

ክረምቱ ሳያልቅ ሳጊንባይ ሞተ። በሰው ግብዣ ላይ የፈረስ ሥጋ እየበላ፣ ምርቃት ሊናገር እንደተነሳ ወደቀ። በማግስቱ ታናሽ ወንድሙ ጁማሊ ቆቡን በእጁ ይዞ ዙራካን ደጅ ቆመ።

«ኤጄ፣ ሰው ሁሉ እርስዎን ነው የሚለው። ወንድሜን ያልቅሱልን።»

«ማሽኑስ? አያለቅስም?»

ጁማሊ መሬት መሬት አየ። «እሺ፣ እመጣለሁ» አለችው፤ ቶሎ እሺ ማለቷን እሷም ወደደችው። መንገዱን በሙሉ ስታሰናዳ ሄደች። ሁለት ጊዜ ስለተመረቀው ድልድይ ታነሳለች። በድርቁ ዓመት ለገበሬው መጥቶ ወደ ሌላ ስለሄደው ድርቆሽ ታነሳለች። የሞተ ሰው ረቂቅ አያስተካክልም፤ ይህን ስታስብ ደስ አላት።

ድንኳኑ ውስጥ ከሟቹ ሚስት ከባትማ ጎን ተቀመጠች። ፊቷን ወደ ግድግዳው መለሰች፣ አፏን ከፈተች፣ ሙሾውም ወጣ፤

«ፀሐይ ፊቷን የምታዞርልህ ተራራዬ፣
በረዶህ ቀድሞ የሚቀልጥ፣
ሣርህ ቀድሞ የሚበቅል፣
የፈረስ መንጋ የሚቦርቅብህ…»

ልታቆም ፈለገች፤ ምላሷ አልታዘዛትም። መስመር በመስመር ወረደ፣ የራሷ ውዳሴ፣ ያውም ተስተካክሎ የጸደቀው። ደጅ ያለው ሰው በዋይታ ተናጠ። ምክትሉ ኤሴንጉል እንደ ጥጃ እምቧ ሲል ይሰማል። ዙራካን ሰው ጠልታ ታውቃለች፤ ራሷን እንደዚያች ሰዓት ጠልታ ግን አታውቅም። ሥራ ቀየርኩ ብላ ነበር፤ የቀየረችው መቀመጫ ብቻ ነው።

ከጎኗ የባትማ ትከሻ ይንቀጠቀጣል። ልታጽናናት ጠጋ ስትል ሴትዮዋ ጥቁር ሻሿን አፏ ውስጥ ወትፋ ትስቃለች።

«ፈረሱን ያስጨመረው እሱ ነው አይደል?» አለች በሹክሹክታ።

«እሱ ነው።»

«አውቄዋለሁ! እኔ ድንች ስልጥ ወጥ ቤት እየመጣ ያነብልኝ ነበር። በቃሌ ይዤዋለሁ።»

«ታምኝው ነበር?»

«ምኑን አምናለሁ? ፈረስ ይፈራ ነበር እኮ! ልጅ ሆኖ ጥሎት ከዚያ ወዲህ ኮርቻ ላይ ወጥቶ አያውቅም። ያን ሁሉ መኪና ሲገዛ የኖረው ለዚህ ነው።» ከዚያ ሳቋን ዋጠች። «ሲያነብ ግን ድምፁ ይንቀጠቀጥ ነበር። አንቺ የጻፍሽውን ሰውዬ መሆን አምሮት ነበር። እንዴት እንደሚኮን አላወቀም፣ የሚያሳየውም አላገኘ።»

ዙራካን ድልድዩንም ድርቆሹንም ልታነሳ ስትፈልጋቸው የት እንደገቡ አላወቀችም። ወደ ግድግዳው ዞረችና እንደገና ጀመረች፤ ፈረስ ስለሚፈራው፣ ድንች ለምትልጥ ሚስቱ የሰው ቃል ስለሚያነበው፣ እያነበበ ድምፁ ስለሚንቀጠቀጠው ሰውዬ። በዚያ አገር ወንድ ልጅ ሌባ ነው ቢባል ይቻላል፤ ፈረስ ይፈራል ግን አይባልም።

ጁማሊ ደንብ ጥሶ ድንኳኑን ገልጦ ገባ። «አዋረዱን! በአገር ፊት አዋረዱን!»

«ውጣ!» አለችው ባትማ። «ባሌ ነው። አንተ ስትኮራበት ኖረሃል፣ አሁን እኔ ላልቅስለት።» አለቀሰችም፤ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ያለ ሻሽ፣ ጮክ ብላ። ደጅ አንድ ሽማግሌ «እውነትም ይፈራ ነበር፤ እኔ ነኝ ከፈረሱ እግር ሥር ያነሳሁት» ሲሉ ተሰማ።

የጁማሊ ቤተሰብ ዙራካንን ባዶ እጇን ሸኛት። ስመ ጥር የሚባሉት ቤቶችም መጥራት ተዉ፤ ምራቶቻቸው ከስልክ ያነቡላቸዋል። ሌሎቹ ግን እስከ ዛሬ ይመጣሉ። እሷም አንድ ደንብ አውጥታለች፤ ሟቹ ያደረገውን አንድ ነገር ካልነገሯት አታለቅስም። አብዛኛው ሰው እዚያው ይወድቃል። «አባቴ ቸር፣ ሰው አክባሪ፣ ታላቅ ሰው ነበሩ» የሚሉ ልጆችን ከደጇ ትመልሳለች። «ይህን የመቃብር ድንጋይ ጠራቢው ይጽፍላችኋል» ትላቸዋለች። አንዳንዱ ተሳድቦ ይሄዳል። አንዳንዱ አጥሩ ሥር ቆሞ ሲያስብ፣ ሲያስብ ይቆይና አባቱን እንደማያውቀው ይገባዋል።

ባለፈው ሰሞን ኤሴንጉል ራሱ መጣ፤ ዛሬ እሱ ነው አስተዳዳሪው። ጤናው ሙሉ፣ ጉንጩ ቀይ። ሻይ ተቀድቶለት አንዴ ፉት አለና፣ «ለጨዋታ ያህል ነው፤ እኔ ብሞት ምን ትይልኛለሽ?» አላት።

ዙራካን ከላይ እስከ ታች አየችው፤ በሐቀኝነትም አሰበችለት።

«ምንም የለኝም» አለችው።

ሊስቅ ሞከረ፤ አልሆነለትም። ሻዩን ሳይጨርስ ወጣ። መኪናው ውስጥ ገብቶ ሞተሩን ሳያስነሳ መሪውን እንደያዘ ብዙ ተቀመጠ። ዙራካን በመስኮት አየችው። አላዘነችለትም። መጋረጃውን ስባ ሲኒውን ልታጥብ ሄደች።