የተራመድነው መቃብር

ማኒላ ውስጥ፣ የአገራችን ጀግና ከሐውልቱ ሥር ከተቀበረበት ሜዳ ጀርባ፣ ፎቅ እየሠራን ነው። እኔ የክሬን ሹፌር ነኝ። ታላቅ ወንድሜ ኔስቶር፣ በእኛ አጠራር ኩያ፣ ከፎቁ አናት ላይ ቆሞ በእጅ ሬዲዮ ይመራኛል።

ፎቁ ከሐውልቱ በላይ ከፍ ስላለ ከተማው ለሁለት ተከፍሏል። ግማሹ «እዚህ ላይ ይብቃ» ይላል።

«ዕድሜ ልኩን ፀሐይ ሲመታው የኖረ ሰው፣ ጥላ ብንሠራለት ምን በደልነው?» ይላል ኩያ፤ ሁላችንም እንስቃለን።

ባለቤቴ ሉዝ ካረገዘች ወዲህ ግን መሳቅ አቃተኝ። አንድ ጠዋት ከጋቢናው ወደ ታች ስመለከት፣ የክሬኑ ክንድ ጥላ መቃብሩን ተሻግሮ ሲያልፍ አየሁ። ለአማቴ ነገርኳት።

«የተኛ ሰው ተራምደሃል» አለችኝ። «የተራመዱት ልጅ አያድግም፤ ሙት ደግሞ ማደጉን ጨርሷል። ተመልሰህ ካልተራመድክ በልጅህ ይወጣል።»

በማግስቱ ከቤት ስወጣ ሉዝ ሆዷን ይዛ፣ «ልጁ ከትናንት ጀምሮ ዝም ብሏል» አለችኝ።

ፌሮ አንጠልጥዬ ክንዱን ሳዞር ጥላው ዳግመኛ መቃብሩን ተሻገረ። ሳላስበው ክንዱን በመጣበት መለስኩት። ጭነቱ ግን አብሮት አልተመለሰም፤ ተወዛውዞ ኩያ ወደቆመበት ሄደ።

«ያዘው! ያዘው!» አለ ሬዲዮው።

ዓይኔን ጨፈንኩ።

«አንተ ልጅ» አለ ኩያ ቆይቶ፣ እያለከለከ። «ወለሉ ላይ ባልተኛሁ ኖሮ ጭንቅላቴን ከነባርኔጣው ይወስደው ነበር። ምን ነካህ?»

ነገርኩት።

«ለሞተ ሰው ብለህ ሕያው ልትገድል!»

ማታ ሉዝ፣ «ረገጠኝ!» ብላ ሳቀች። እኔ ግን የባሰ ፈራሁ፤ መመለሱ ሠርቷል ማለት ነዋ።

በነጋታው ኩያ መንጠቆው ላይ ምንም ሳያስር፣ «ባዶውን ነው፤ ጥላውን በመቃብሩ ላይ ቶሎ አሻግረህ መልሰው» አለኝ። «እኔም ልጆች አሉኝ።»

ከዚያ ወዲህ በየጠዋቱ እንመልሰዋለን። ሠራተኛው እያየ አይስቅም። ፎቁ ግን ያድጋል፤ ጥላው የመቃብሩን ሣር ጫፍ ነክቷል።

«ኩያ» አልኩት ዛሬ በሬዲዮ፣ «ክንዱንስ እኔ መለስኩት። ፎቁ ራሱ ሲራመደውስ ማን ይመልሰዋል?»

ኩያ ቀና ብሎ የቀሩት ፎቆች የሚቆሙበትን ባዶ ሰማይ ያይ ነበር።