ዘጠኝ ቀሪ

ወንድሜ ግትር ነው። ይህን የምለው ታናሽ እህቱ ስለሆንኩ ብቻ አይደለም። አሥራ አራት ዓመት በአንድ ትምህርት ቤት ስንሠራ፣ እሱ መስማት የተሳናቸውን ልጆች ሲያስተምር እኔ መዝገብ ቤት ተቀምጬ አይቼዋለሁ። የስም መጥሪያውን ሳይሞላ የዋለበት ቀን የለም። አንዴ እንዲያውም አሞት ቀርቶ፣ በማግስቱ መጥቶ በገዛ እጁ ራሱ ላይ «ቀሪ» ብሎ ጻፈ። መምህራኑ ሳምንቱን ሙሉ ሳቁበት።

በዚያ ዓመት የትምህርት በጀት ተቆረጠ። የመጀመሪያው ደብዳቤ የመጣው በወንድሜ ክፍል ላይ ነው፤ ልጆቹ ዘጠኝ ብቻ ናቸው፣ ወጪያቸው ብዙ ነው፣ ይዘጋ ይላል። በከተማው ደግሞ እንዲህ ያለ ሌላ ክፍል የለም።

ከዘጠኙ አንዷ ጉንጯ ስርጉድ ነው። ስሟን የምንጠራው ጣታችንን ጉንጫችን ላይ ተክለን ነው። እናቷ ልብስ አጣቢ ናት፤ ልጅቷ ሰባት ዓመት እስኪሞላት ሁለቱ የሚግባቡት በመጎተትና በመግፋት ነበር። አንድ ቀን እናትየዋ ቢሮዬ ገብታ ስታለቅስ ደነገጥኩ።

«ምን ሆንሽ?»

«ሆዴን አመመኝ አለችኝ፣ በእጇ። ስንት ዓመት ስታለቅስ የቱ ጋ እንደሚያማት ሳላውቅ ኖርኩ!»

እንግዲህ ሊዘጉ የተነሱት ይህን ነው። ወላጆችና መምህራን ተሰብስበን፣ የከተማው ምክር ቤት በጀቱን በሚያጸድቅበት ሐሙስ በሩ ላይ ልንሰለፍ ተስማማን። ልጆቹ ከፊት ይሁኑ ያልኩት እኔ ነኝ። «ይዩአቸዋ፣ ጋሼ! ወረቀት ላይ ዘጠኝ ማለት ቀላል ነው» አልኩት።

ሐሙስ ጠዋት ወንድሜ ልጆቹን ትምህርት ቤቱ በር ላይ አሰልፎ ተመለሰና ጠረጴዛዬ ላይ መዝገቡን ከፈተ። ዘጠኝ ጊዜ «ቀሪ» ጻፈ።

«ምን ነካህ ጋሼ? ካንተ ጋር እኮ ናቸው!»

«ክፍል ውስጥ ግን የሉም። እውነት ይዘን እየሄድን በውሸት አንጀምርም፣ እቱ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል።»

እነሱ ሄዱ፤ እኔ ቢሮውን ልጠብቅ ቀረሁ። አራት ሰዓት ላይ ከትምህርት ጽሕፈት ቤት ተቆጣጣሪ መጣ። ትሑት ሰው ነው፣ ጫማውን በሩ ላይ ጠርጎ ነው የገባው።

«እህቴ፣ የልዩ ክፍሉን የስም መጥሪያ ያሳዩኛል?»

መምህሩ ይዞት ሄዷል ማለት እችል ነበር። ቁልፉ ጠፍቷል ማለትም እችል ነበር። ግን መዝገብ ለጠየቀ መዝገብ መስጠት ለምዶብኝ፣ እጄ እኔን ሳያማክር ሰጠው። ባዶውን ክፍል አየ፣ ገጹን ፎቶ አነሳ፣ አመስግኖኝ ወጣ።

በዚያው ሰዓት ልጆቹ ምክር ቤቱ በር ላይ በእጃቸው «ክፍላችንን አትዝጉ» ይሉ ነበር። የምክር ቤት አባላቱ ሰላምታ መስሏቸው ከመኪናቸው ውስጥ እጃቸውን አወዛወዙላቸው።

ከሰዓት በኋላ ገጹ በስብሰባው ላይ ተነበበ፦ በቁጥጥሩ ዕለት የተገኘ ተማሪ የለም። በቃ፣ ክፍሉ እንዲዘጋ ተወሰነ። አቤት ስንል «የመምህሩ የራሱ ጽሑፍ ነው» አሉን። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ሆነብን። እውነት እያደር ይጠራ ይሆናል፤ ልጆቹ ግን እስኪጠራ የሚያድሩበት ቦታ አልነበራቸውም።

ወንድሜ አንድም ቀን አልወቀሰኝም። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። «የጻፍኩት እኔ ነኝ» ይላል፤ «የሰጠሁት እኔ ነኝ» እላለሁ።

በመጨረሻው ዓርብ ዘጠኙም መጡ። በሩ ላይ ቆሜ ሲጠራቸው አየሁ። ጣቱን ጉንጩ ላይ ሲተክል ስርጉዷ እጇን አወጣች፤ «አለች» ብሎ ጻፈ። ከዚያ ብድግ ብላ በእጇ ጠየቀችው፦

«ሰኞ የት ነው የምንመጣው?»

ወንድሜ ለምንም ነገር ምልክት አጥቶ አያውቅም። ያን ቀን ግን ሁለት እጆቹን ኪሱ ውስጥ ከተተ። ልጅቷ ያላያት መሰላት፤ እሱ ሲያስተምራት እንደሚያደርገው፣ ቀስ እያደረገች ደገመችለት።