የእማዬ ክፍል መጋረጃ

ሁለቱ እህትማማቾች በስድስት ዓመት ይበላለጣሉ። ታላቋ ልብስ ሰፊ ናት፤ የሰፈሩን ሰው ግማሹን አልብሳለች ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም። ታናሿ ክሊኒክ ውስጥ ካርድ ክፍል ትሠራለች። ለዚህ የበቃችው ታላቋ ትምህርቷን አቋርጣ ስፌት መኪና ላይ ስለተቀመጠች ነው። ልብስ ሰፊዋ ይህን ለማንም ተናግራው አታውቅም፤ ረስታውም አታውቅም።

የታናሿ ባል የአውቶቡስ ሹፌር ነው። በስሙ የሚጠራው መሥሪያ ቤቱ ብቻ ነው፤ ለሌላው ሰው ሁሉ ውሃ ልክ ነው። ቤቱን መሥራት ከጀመረ ጀምሮ ያቺን የግንበኛ መለኪያ ከብብቱ ስለማይለያት የወጣለት ስም ነው። ሰው ቤት እንግዳ ሆኖ ሄዶ እንኳ የተንጋደደ ፎቶ ካየ ሳያቃና ወንበር አይዝም። በየእረፍት ቀኑ ድንጋይ እየተሸከመ፣ ሲሚንቶ እያቦካ፣ ሲጨንቀው ግንበኛ እየለመነ፣ በስምንተኛው ዓመት ቤቱን ጣሪያ አለበሰው። የቀረው የውስጡ ሥራ ነበር። ሴራሚኩን እሱ ያነጥፋል፣ ቀለሙን ሚስቱ ትቀባለች፣ ሁለቱ ልጆች ደግሞ የብርጭቆ ወረቀት ይዘው የበር መቃን ይፍቃሉ፤ ከሚፍቁት ይልቅ የሚጣሉት ይበዛል።

ልብስ ሰፊዋ የምትኖረው ከእናቷ ጋር፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ ሁለት የኪራይ ክፍል ውስጥ ነው። አግብታ ነበር፤ አልሆነም። እናቷን ይዛ አሥራ ሁለት ዓመት ተቀመጠች። አከራይዋ "ግድግዳዬን ሚስማር እንዳይነካው" ስላለች የግድግዳ ሰዓቱ እንኳ ብፌ ላይ ተደግፎ ነው የሚቆጥረው።

የእህቷ ቤት ድንጋይና ጭቃ በነበረበት ጊዜ ልብስ ሰፊዋ አልቀናችም። ጭቃ ላይ ማን ይቀናል? እንዲያውም ስታያቸው ታዝን ነበር፤ አቧራ ለብሰው፣ ከንፈራቸው ተሰነጣጥቆ። ነገሩ የመጣው ልስኑ ደርቆ ቀለም ሲቀባ ነው። አንድ ቀን ደርሳ ስትመለስ የቤቷ ደረጃ ረዘመባት። ሌላ ቀን ደግሞ የራሷን ቤት በር ስትከፍት እጀታው እንደሚንቀጫቀጥ አስተዋለች። ዓመት ሙሉ ሲንቀጫቀጥ የነበረ እጀታ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት መስኮቶቹን ለመለካት ሄደች። መጋረጃውን ሁሉ እሷ ልትሰፋ ቃል ገብታለች፤ ያውም ራሷ ናት "ሌላ ሰው ከነካው እጣላችኋለሁ" ያለችው። ታናሿ በሩን የከፈተችላት ፀጉሯ ላይ ነጭ ቀለም ተንጠባጥቦባት፣ የባሏን አሮጌ ሸሚዝ ለብሳ ነበር።

"እትዬ፣ ተጠንቀቂ፣ ግድግዳውን እንዳትደገፊው፤ ገና እርጥብ ነው።"

"ደስ ይላል" አለች ልብስ ሰፊዋ።

ሳሎኑን ለካች። የልጆቹን ክፍል ለካች። የባልና ሚስቱን ለካች። የመጋረጃው ብረት ገና ስላልተሰቀለ ውሃ ልክ የሚሰቀልበትን ቦታ በየግድግዳው በእርሳስ አስምሮታል፤ እሷም ከመስመሩ እስከ ወለሉ እየለካች ደብተሯ ላይ ትጽፋለች። በየክፍሉ "ደስ ይላል" ትላለች። አፏ ሲለው ሆዷ ሌላ ይላል። የመስኮቱን ደፍ በጣቷ ዳሰስ አድርጋ ጉድለት ፈለገች፤ ከውሃ ልክ እጅ የወጣ ነገር ላይ ጉድለት ከየት ይገኛል።

በመጨረሻ ከኋላ በኩል ወዳለች ትንሽ ክፍል ገቡ። ጠዋት ፀሐይ ገብቶባት ወለሏ ይሞቃል። ግድግዳዋ ፈዘዝ ያለ ሐምራዊ ነው።

"ይቺ ደግሞ? ዕቃ ቤት ናት?"

ታናሿ ብሩሹን ጣሳው ላይ አስቀመጠች። "የእማዬ ክፍል ናት። መታጠቢያ ቤቱም አጠገቧ ነው፤ ደረጃም የላትም። ጉልበቷን ታውቂው የለ።"

ልብስ ሰፊዋ ሜትሩን ጠቅልላ ዘረጋችው፤ እንደገና ጠቀለለችው።

"እማዬ ታውቃለች?"

"ቀለሙን የመረጠችው እሷ አይደለችም እንዴ? ወር ሆነን እኮ። አልነገረችሽም?"

"ነግራኛለች" አለች ልብስ ሰፊዋ። አልነገረቻትም ነበር። ከመስመሩ እስከ ወለሉ ለካች፤ ሁለት ሜትር ከአርባ። ጻፈችው። ሻይ ጠጪ ብትባል ሥራ አለብኝ ብላ ወጣች።

መንገዱን ሁሉ ከራሷ ጋር ስትሟገት ሄደች። እማዬን የምታጥባት እሷ፣ መድኃኒት የምትሰጠው እሷ፣ ጉልበቷን በሙቅ ውሃ የምታሸው እሷ። አሁን ቤቱ ሲያልቅ፣ ግድግዳው ሲያምር፣ እማዬ የታናሺቱ ልትሆን ነው። ታናሿ ቤት አላት፤ ባል አላት፤ ልጆች አሏት፤ የቀረቻት እማዬ ብቻ ነበረች። ደግሞ ሐምራዊ። እማዬ ሐምራዊ እንደምትወድ እስከዛሬ አልሰማችም።

እቤት ስትደርስ እናቷ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ሽንኩርት ትልጣለች።

"ለካሽው?" አለቻት።

"ለካሁት።"

"እንዴት ነው ቤቱ?"

"ታውቂው የለ እንዴ።"

እናትየው ቀና ብላ አየቻትና ወደ ሽንኩርቷ ተመለሰች። ከዚያ በላይ አልተነጋገሩም።

ልብስ ሰፊዋ የሳሎኑን መጋረጃ በሁለት ቀን ጨረሰች። የልጆቹንም፣ የባልና ሚስቱንም ሰፋች። እጇ አልወላገደም፤ ክሩ ቀጥ ብሎ ወረደ። አራተኛው ቀን ላይ የእናቷን ክፍል ጨርቅ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። መጋረጃ ሲቆረጥ ከተለካው በላይ ለላይኛውና ለታችኛው እጥፋት አንድ ስንዝር ይጨመራል፤ ይህን የስፌት ተማሪ እንኳ በመጀመሪያው ሳምንት ያውቀዋል። ሁለት ሜትር ከአርባው ላይ በሳሙና ምልክት አደረገች። ስንዝሩን አልጨመረችም። መቀሱን አንስታ ትንሽ ቆመች። እናቷ አልጋዋ ላይ ሆና ታያታለች። ቆረጠችው።

ስህተት ሊባል የሚችል ነገር ነበር። ያስደሰታትም ይኸው ነው። ማንም ሰው ሊስት ይችላል፤ የስድስት መስኮት መጋረጃ ሰፍቶ አንዱን መሳት ምን አለበት? የዚያን ቀን ሥራዋን ስትሠራ አንጎራጎረች።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ሁሉም አዲሱ ቤት ተሰበሰቡ። እናትየውን ውሃ ልክ በታክሲ አመጣት፤ ከደረጃው ላይ ያወረዳት አዝሎ ነው። የሳሎኑ መጋረጃ ሲሰቀል ታናሿ እጇን አፏ ላይ ጭና አየችው። እውነትም ያምር ነበር። ልብስ ሰፊዋ ኩራትም ምቀኝነትም አንድ ላይ መጡባት፤ የትኛው የትኛው እንደሆነ መለየት አቃታት።

ወደ ሐምራዊዋ ክፍል ገቡ። ውሃ ልክ ወንበር ላይ ወጥቶ መጋረጃውን ብረቱ ላይ አስገባ፤ ለቀቀው። ከወለሉ አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ ቀረ። ያደገ ልጅ የለበሰው ሱሪ መሰለ።

"አጠረ" አለ ትልቁ ልጅ።

ውሃ ልክ ከወንበሩ ወርዶ ራቅ ብሎ አየው። መለኪያዋን ብረቱ ላይ አስቀመጠ፤ አልተንጋደደም። ጭንቅላቱን አከከ።

"ከፍ አድርጌ ሰቅዬዋለሁ ማለት ነው።"

"ምልክት አድርገህበት አልነበር?" አለች ሚስቱ።

"ነበር። አንቺ ቀለሙን ስትደግሚው ጠፋብኝ። በዓይኔ ገምቼ ነው የሰቀልኩት።"

"በዓይንህ? አንተ? አሥሩን ነገር እየለካህ ይቺን በዓይንህ? ያውም የእማዬን?"

"ቀለም ከመድገምሽ በፊት ጠይቂኝ አላልኩሽም?"

"እኔ ነኝ እንግዲህ ጥፋተኛዋ።"

ልብስ ሰፊዋ በሩ ጋ ቆማ ነበር። "ወይም ደግሞ ልኬቱ..." ብላ ጀመረች።

"አይ እትዬ" አላት ውሃ ልክ። "እርስዎ መቀስ ይዘው ሲስቱ አይቼ አላውቅም። የእኔ ነው ጥፋቱ፤ አሁን ዝቅ አደርገዋለሁ።"

መሰርሰሪያውን አመጣ። ሚስቱ "ተው፣ ቀለሙ ገና መድረቁ ነው" አለችው። አልሰማትም፤ ተናድዷል። ከድሮው ቀዳዳ በታች ሲበሳ ልስኑ ተሸርፎ የእጅ መዳፍ የሚያህል ወደቀ። ሁለተኛውን ጎን ሲበሳ ደግሞ ከጣሪያው ጀምሮ አንድ ቀጭን ስንጥቅ ወረደ። መሰርሰሪያውን አጠፋው። ሐምራዊ አቧራ ሴራሚኩ ላይ ተበተነ። ሰውዬው ወንበሩ ላይ እንደቆመ ግንባሩን ግድግዳው ላይ ደገፈ፤ ልብስ ሰፊዋ ስምንት ዓመት ሲሠራ እንዲህ ሆኖ አይታው አታውቅም። ሚስቱ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

"ውረድ" አለች ልብስ ሰፊዋ። "ብረቱ ልክ ነው። አሳጥሬ የቆረጥኩት እኔ ነኝ።"

"ይሁን እትዬ፣ ሰው ነዎት፣ ይሳሳታሉ።"

"አልተሳሳትኩም። ለእጥፋት የሚጨመረውን አውቄ ነው የተውኩት።"

ታናሿ ዘወር አለች። ዓይኗ እርጥብ ነው። "ለምን?"

"እማዬን ስትወስጅብኝ ዝም ብዬ ላይ ነው?" አለች ልብስ ሰፊዋ። ቃሉ ከአፏ ሲወጣ የሕፃን ቃል ሆኖ ተሰማት፤ ግን ወጥቷል።

ታናሿ መጥረጊያ አምጥታ የወደቀውን ልስን መጥረግ ጀመረች። ጠርጋ ስትጨርስ ቀና ሳትል "አሁን ሂጂልኝ እትዬ" አለች።

እናትየው በዚያ ቀን ከታላቋ ጋር ተመለሰች። ደረጃውን ተደግፋት ሲወጡ ሦስት ቦታ ቆመው አረፉ። ሦስተኛው ላይ እናትየው ትንፋሿን ሰብስባ "ስትቆርጪው አይቼሻለሁ" አለች።

"ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?"

"ትናገሪያለሽ ብዬ። አንቺስ እኔን ለምን ዝም አልሽኝ? ክፍሉን ሳትነግሪኝ ለምን መረጥሽ አትይኝም ነበር?"

"አንቺስ ለምን አልነገርሽኝም?"

"ፈራሁሽ" አለች እናትየው። "አሥራ ሁለት ዓመት ያዘለችኝን ልጅ፣ ጀርባሽ ደከመኝ ብዬ ልውረድ? እንዴት ብዬ ነው የምነግርሽ? ግን ይሄ ደረጃ ገደለኝ ልጄ። ከቤት ከወጣሁ ስንት ጊዜዬ ነው?"

ልብስ ሰፊዋ አስባ ቆጠረች። ከሐኪም ቤትና ከዛሬው በስተቀር አምስት ወር ሆኗታል። ይህን ታውቅ ነበር፤ ቆጥራው ግን አታውቅም።

ሦስት ሳምንት እህቷ አልደወለችም። ልብስ ሰፊዋም አልደወለችም፤ ቀፎውን አንስታ ስንት ጊዜ መልሳ አስቀምጣለች። በመሃሉ ያንኑ ዓይነት ጨርቅ ፈልጋ ብታጣ ሌላ ገዛች፤ ደህና፣ ከበድ ያለ። ለእጥፋት አንድ ስንዝር ሳይሆን ሁለት ጨመረችለት፤ ቢታጠብና ቢሰበሰብ እንኳ እንዲደርስ። በአራተኛው ሳምንት በፌስታል ይዛው ሄደች።

የከፈተችላት ታናሿ ናት። ግቢ አላለቻትም፤ በሩን ግን አልዘጋችውም። የሐምራዊዋ ክፍል ግድግዳ ተለስኖ ቀለም ተደግሞበታል። አዲሱ ቀለም ከድሮው ትንሽ ጠቆር ስላለ ስንጥቁ የነበረበት ቦታ ፊት ላይ እንዳለ ጠባሳ ይታወቃል።

አብረው ሰቀሉት። ታናሿ ወንበሩ ላይ፣ ታላቋ ከታች እየያዘች። ወለሉን ሲነካ ሁለቱም አዩት፤ ማናቸውም "ደስ ይላል" አላሉም።

"እትዬ" አለች ታናሿ፣ ከወንበሩ ሳትወርድ። "አሥራ ሁለት ዓመት እማዬ ካንቺ ጋ ስትኖር እኔ የማልቀና ይመስልሽ ነበር?"

"አንቺ? በምን ትቀኛለሽ?"

"ስትታመም አንቺን ነው የምትጠራው። እናንተ ጋ መጥቼ ሻይ ሳፈላላት እንኳ 'እህትሽ እንዲህ አታደርገውም' ትለኛለች። ባሌን ይቺን ክፍል መጀመሪያ ሥራት ያልኩት እኔ ነኝ። ሳሎኑ ይቆየን አልኩት። አንድ ቀን እንኳ የኔ እንድትሆን ብዬ።"

ልብስ ሰፊዋ የእህቷን እጅ ይዛ ከወንበሩ አወረደቻት። ታናሿ እጇን ወዲያው አላስለቀቀችም፤ ከዚያ አስለቀቀችና "ሻይ ላፍላ" አለች። የበደሉ ነገር አልተነሳም፤ ይቅርታም አልተባለም። ውሃ ልክ ከሥራ ሲመጣ እንደ ወትሮው "እትዬ" ብሎ ሰላም አላት፤ መጋረጃውን ግን ገብቶ እስከ ወለሉ ድረስ በሜትር ለካው። ፊቷ ለፊት ነው የለካው። እሷም ቻለችው።

እናትየው በወሩ መጨረሻ ገባች። ልብስ ሰፊዋ ልብሷን አጣጥፋ፣ መድኃኒቷን በየሰዓቱ ለይታ ወረቀት ላይ ጽፋ፣ ጉልበቷ እንዴት እንደሚታሽ ለእህቷ አሳይታ ተመለሰች። እህቷ ስታሽ እናትየው "ጠበቅ አድርጊ" ስትላት ሰምታ፣ ጥቂት ደስ አላት፤ ደስ ስላላትም አፈረች።

በማግስቱ ጠዋት ቤቱ ውስጥ የእናቷ አልጋ የነበረበት ቦታ ባዶ ነበር። ከቤቱ ሁሉ ይበልጥ ብርሃን የሚገባው እዚያ ጋ ነው። ልብስ ሰፊዋ ትንሽ ቆማ አየችው። ከዚያ ስፌት መኪናዋን እየጎተተች ወስዳ እዚያ አቆመችው፤ ተቀመጠች፤ የመርፌው ቀዳዳ ውስጥ ክሩን ያለ መነጽር አስገባችው። ዓመታት ሆኗት ነበር እንዲህ ካየች። አለቀሰችም፣ ሰፋችም፤ እኩለ ቀን ሲሆን የአንዲት ደንበኛ ቀሚስ ጨርሳ ነበር።