እሳቱም ደህና፣ ቤንዚኑም ደህና

እትየ ወለተሥላሴ የውሃ ሞተራቸውን ከባጃጅ አስወርደው መንገዱ መሀል አስቀመጡት። ነጠላቸውን አጣጥፈው በብረት ክፈፉ ላይ ጣል አደረጉና ተቀመጡበት። ከኋላቸው ሰሊጥ የጫነ አይሱዙ ጡሩንባውን ነፋ። ዞር ብለውም አላዩት።

አዛናው ጋራዡ ጥላ ሥር ካንዴላ እየጠረገ ነበር። ቀና ሲል መንገዱ ማዶ ያለው ኡመይርም ቀና ብሏል። ዓይን ለዓይን ተጋጠሙና ሁለቱም ወዲያው ወደ ሥራቸው አጎነበሱ።

"ሁለታችሁም ኑ" አሉ ወለተሥላሴ፣ ድምፃቸውን ሳያነሱ። "እኔ ከዚህ አልነሳም።"

ሽንፋ ከተማ ውስጥ ሞተር እምቢ ሲል የሚጠሩት እነዚህ ሁለት ሰዎች ናቸው። አዛናው ለሰሊጥ አጨዳ ከጎጃም ወርዶ እዚያው የቀረ ነው። ኡመይር የመተማ ልጅ ነው፤ ሙያውን ሱዳን፣ ገዳሪፍ ተሻግሮ ተማረ። ዓመታትን በአንድ ዳስ ሥር አብረው ሠርተዋል፤ አዛናው የካንዴላውን እሳት ያያል፣ ኡመይር ነዳጁንና ካርቡራተሩን። ኋላ ዳሱን በቆርቆሮ ቀይረው ታፔላ ሊያጽፉ ሲነሱ የማን ስም ይቅደም በሚለው ተጣሉ። ጸሐፊው ቀለሙን እንደበጠበጠ ትቷቸው ሄደ። ኡመይርም ቁልፎቹን በጆንያ ጠቅልሎ መንገዱን ተሻገረ። ከዚያ ወዲህ ሰላምታ የላቸውም። ከተማውም ለሁለት ተከፍሎ የአንዱ ደንበኛ ወደ ሌላው በር ዝር አይልም።

ወለተሥላሴ ብቻ የሁለቱም ደንበኛ ሆነው ቀሩ፤ ያውም ሳይወዱ። ሞተራቸው ወንዝ ዳር ለሽንኩርታቸው ውሃ እየሳበ ሳለ ቀጥ ይላል። ትንሽ ሲያርፍ ይነሳል፤ ደግሞ ቀጥ ይላል። አዛናው ካንዴላውን ቀይሮ በሩ ላይ አስነስቶ አሳያቸው። ወንዝ ሲደርስ ጠፋ። ኡመይር ካርቡራተሩን ፈቶ አጥቦ እሱም አስነስቶ አሳያቸው። ወንዝ ሲደርስ ጠፋ። የየካቲት ፀሐይ ደግሞ ማንንም አይጠብቅም፤ የሽንኩርቱ ጫፍ መቃጠል ጀምሯል።

አዛናው እጁን በጨርቅ እየጠረገ ወጣ። "እትየ፣ መኪና ይገጭዎታል። ወደ ጥላው ይምጡ።"

"ወደ አንተ ጥላ ብመጣ እሱ አይመጣም። ወደ እሱ ብሄድ አንተ አትመጣም። መንገዱ ግን የማንም አይደል።"

"እሳቱ እኮ ደህና ነው። ያየሁት እኔ ነኝ። ችግሩ ከቤንዚኑ ነው።"

"ኡመይር ደግሞ ቤንዚኑ ደህና ነው፣ ችግሩ ከእሳቱ ነው አለኝ። እሳቱም ደህና፣ ቤንዚኑም ደህና። ታዲያ ሽንኩርቴን ማን ገደለው?"

ከአይሱዙው ኋላ ሌሎች መኪኖች ተደርድረው ጡሩንባው ቀለጠ። የትራፊክ ፖሊሱ ሳጅን ንብረት ባርኔጣውን እያስተካከለ ደረሰ።

"እማማ፣ መንገድ ዘግተዋል። ይነሱ እንጂ።"

"የዘጉት እነዚህ ሁለቱ ናቸው፣ ልጄ። እኔ ተቀምጫለሁ እንጂ ምን አደረግሁ?"

ሳጅኑ ነገሩን ያውቀዋል፤ ሽንፋ ውስጥ የማያውቀው የለም። አንዴ ወደ አዛናው፣ አንዴ ወደ ማዶ አየ። "ለመሥራት ብዙ ይፈጃል?"

"አብረን ካየነው ብዙም አይፈጅ" አለ አዛናው። ካፉ ከወጣ በኋላ አፈረ።

ሳጅኑ መኪኖቹን በዳር በዳር ማሳለፍ ያዘ። ያን ጊዜ ኡመይር ውሃ የሞላ ግማሽ በርሜል እየጎተተ መጣ። አዛናውን ቀና ብሎ ሳያየው የመሳቢያውን ቱቦም የመትፊያውንም በርሜሉ ውስጥ ነከረ። ወለተሥላሴም ተነሱለት።

"እትየ፣ ያ ሰውዬ ገመዱን ይሳበው ይበሉት" አለ።

"ሳበው ይልሃል" አሉ ወለተሥላሴ።

አዛናው ሳበ። ሞተሩ ተነሳ፤ ውሃው ከበርሜሉ ወጥቶ ወደ በርሜሉ መመለስ ጀመረ። ሦስቱም ዙሪያውን ቆመው ጠበቁ። ሞተሩ ጥቂት ጮኸ፣ ከዚያ ድምፁ ተቆራረጠ፣ ሁለቴ አሳለና ቀጥ አለ።

"እትየ፣ ይበሉት እስቲ፣ ይህ የእሳት አጠፋፍ ነው?" አለ አዛናው። "እሳት ሲጠፋ አያስልም።"

"እኔ አስተርጓሚ አይደለሁም። ሁለታችሁም አማርኛ ትሰማላችሁ።"

አዛናው ካንዴላውን ፈታ፤ ጫፉን ከሞተሩ ብረት አስጠግቶ ገመዱን ሳበ። ሰማያዊ ብልጭታ ዘለለች። "አየኸው?" አለ፣ ወደ ኡመይር ዞሮ።

"አየሁት።"

ከዚያ ጠብ ወዲህ የተነጋገሩት የመጀመሪያው ነገር ይኸው ነበር። አዛናው ካንዴላውን መልሶ ሲያስር ኡመይር ከካርቡራተሩ ሥር ያለችውን ብሎን አላላ። ቤንዚኑ ጠብ ጠብ አለና ቆመ። ታንኩን በጣቱ መታው፤ ሙሉ ነው።

"ሙሉ ከሆነ ለምን አይወርድም?" አለ አዛናው፣ ጣቶቹን ከብሎኗ ሥር ዘርግቶ።

ኡመይር የታንኩን ክዳን ጠምዘዝ አደረገ። ክዳኑ ብዙ ጊዜ ታፍኖ እንደቆየ ሰው ፍስስ ብሎ አየር ሳበ። ያን ጊዜ ከሥር ቤንዚኑ በአዛናው ጣቶች ላይ ይንዠቀዠቅ ጀመር። አዛናው ብሎኗን መለሳት። ሁለቱ ተያዩ። ኡመይር ክዳኑን ገልብጦ አየ፤ ወደ አፍንጫው አስጠጋና ለአዛናው አቀበለው። መሀል ላይ ያለችው ቀጭን ቀዳዳ በነጭ ነገር ተደፍናለች።

"ሳሙና ነው" አለ አዛናው።

"የልብስ ሳሙና" አለ ኡመይር።

ወለተሥላሴ ነጠላቸውን ከክፈፉ ላይ አንስተው ማራገፍ ጀመሩ።

"እትየ?"

"ባጃጅ ውስጥ ቤንዚኑ እየተረጨ ቀሚሴን አበላሸብኛ። የሚያፈስ ነገር በሳሙና አይደፈንም እንዴ?"

"ይደፈናል" አለ አዛናው፣ ሳቁን እየዋጠ። "ይህች ግን መተንፈሻው ናት። አየር ካልገባ ቤንዚኑ አይወርድም።"

"እናንተ ጋ ሲሆን ለምን ይሠራል ታዲያ?"

አዛናው አንገቱን አከከ። "እኔ ክዳኑን ከፍቼ ነበር ያስነሳሁት።"

"እኔም" አለ ኡመይር።

መጀመሪያ የሳቀው ሳጅኑ ነው። ቀጥሎ ወለተሥላሴ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፈኑ። ኡመይር ሲስቅ ትከሻው እየተንቀጠቀጠ ድምፁ አይወጣም፤ አዛናውን ይህ አሳሳቅ ለካ ናፍቆት ኖሯል።

ኡመይር ቀዳዳዋን በሽቦ ጠርጎ ክዳኑን ዘጋ። አዛናው ገመዱን ሳበ። ሞተሩ ሙሉ ጉልበቱን አግኝቶ ሲያጓራ የመትፊያውን ቱቦ የያዘ ሰው አልነበረም፤ ከበርሜሉ ዘሎ እንደ እባብ እየተገላበጠ ሁለቱን ሜካኒኮች አረጠበ፣ ዞሮም ሳጅን ንብረትን ከባርኔጣው እስከ ጫማው አጠመቀው። አዛናው ለማጥፋት ተንደረደረ።

"ኧረ ተወው" አለ ሳጅኑ፣ በዚያ ሐሩር ፊቱን በመዳፉ እየጠረገ። "ትንሽ ይቆይ።"

ኡመይር ቱቦውን ይዞ ወደ በርሜሉ መለሰው። ሞተሩ ቀድሞ ከሚጠፋበት ጊዜ አለፈ፤ እጥፉን ሠራ፤ አላሳለም።

"ኻላስ" አለ ኡመይር። "አለቀ፣ እትየ። ይውሰዱት።"

ወለተሥላሴ ሞተሩን ባጃጁ ላይ አስጭነው ከጎኑ ተቀመጡ። "ሽንኩርቱ ሲነቀል አንድ ጆንያ አመጣላችኋለሁ" አሉ።

"ለማን?" አለ አዛናው።

"አንድ ጆንያ ነው ያልሁት። አከፋፈሉን እናንተ ታውቃላችሁ።" ባጃጁ ወደ ወንዙ አቧራውን እያስነሳ ሄደ።

መንገዱ ተከፈተ። ሁለቱ እርጥብ ልብሳቸውን እንደለበሱ ጥቂት ቆሙ። "በል እንግዲህ" አለ ኡመይር። "በል" አለ አዛናው። እያንዳንዱ ወደ በሩ ተመለሰ።

አዛናው እጁን ሳይታጠብ፣ የቀዝቃዛ መጠጥ ነጋዴው ሙኽታር ጄኔሬተሩን በጋሪ አምጥቶ አወረደ። ሙኽታር የአዛናው የቆየ ደንበኛ ነው። "ጥቁር ጭስ እየተፋ ይንተፋተፋል" አለ። "ፍሪጁ ጠፍቶ ለስላሳው ሁሉ ሞቀብኝ።"

አዛናው አስነስቶ አዳመጠ፤ ጭሱንም አሸተተ። የካርቡራተር ጉዳይ ነው። በእነዚህ ወራት እንዲህ ያለው ሲመጣ እንደ ምንም እየፈታ፣ እየገመተ ይሠራው ነበር፤ አንዳንዱ ይድናል፣ አንዳንዱ ተመልሶ ይመጣል። ካቻቢቴውን አነሳና ወደ ማዶ አየ። ኡመይር በሩ ላይ ቆሞ ሸሚዙን እየጨመቀ ነው።

አዛናው ካቻቢቴውን አስቀመጠ።

"ሙኽታር፣ ያንን ጫፍ ያዝልኝ።"

"ወዴት ልንወስደው ነው?"

አዛናው በእሱ በኩል ያለውን ጫፍ አነሳ። አንድ አይሱዙ እስኪያልፍ ጠበቀና መንገዱን መሻገር ጀመረ።