ሳትጠረብ የቀረችው ነጥብ

«አንተ ደጃፌን እንዳትረግጥ» አለች ኦታኪ፣ ለለቀስተኞቹ ሻይ የምትቀዳበትን ማንቆርቆሪያ እንደያዘች።

ሠዓሊው ሹንካ ዕጣን በጨርቅ ጠቅልሎ በሩ ላይ ቆሟል። ልጇ ኦሚዮ በትኩሳት ከሞተች ዛሬ ሰባተኛ ቀኗ ነው። የኦታኪ ባል ሂኮጂ፣ የሥዕል ማተሚያ እንጨት ቀራጩ፣ የሟቿ ስም ከተጻፈበት ጣውላ ፊት አቀርቅሮ ተቀምጧል።

«ልጄን የኤዶ ከተማ ወንድ ሁሉ መሳቂያ ያደረግህ አንተ ነህ።»

«ተይ ልጄ፣ ሰው ይሰማል» አለቻት አሮጊቷ ጎረቤት።

«ይስማ። ሲስቁባት ማን ተዉ አላቸው?»

እውነቷን ነው። አሁን አንገቱን ሰብሮ ሻይ ከሚጠጣው ሁሉ ያንን ማራገቢያ ያልገዛ አልነበረም።

አምና በሙቀቱ ወራት ማራገቢያ ላይ የወጣ ቀልድ ነበር። በጥንት ተረት አንድ ጺማም መነኩሴ በሸምበቆ ላይ ቆሞ ትልቅ ወንዝ ተሻገረ ይባላል፤ ሹንካ በመነኩሴው ፋንታ አንዲት የመሸታ ቤት ቆንጆ ሣለ። ፊቷ የማንም አልነበረም። ሂኮጂ ግን ወረቀቱን እንጨቱ ላይ ለጥፎ ሲቀርጽ፣ ከከንፈሯ ሥር አንዲት ቅንጣት ሳይጠርብ ተወ። ስትታተም ጥቁር ነጥብ ሆነች፤ ልክ ኦሚዮ ከከንፈሯ ሥር እንደነበራት ምልክት። የልጁን ቁንጅና ከተማው እንዲያይለት አምሮት ነበር።

ከተማው አየ። ወንዶቹ ኦሚዮን «እሜቴ፣ እኛንም አሻግሪን» ይሏት ጀመር። የእጮኛዋ ቤተሰቦች ቃላቸውን አጠፉ። ኦሚዮም ከቤት መውጣት ተወች።

«አባዬ፣ ምልክቴን ማን ሰጣቸው?» አለችው አንድ ቀን።

«የሠዓሊ ዓይን የት አያርፍም ብለሽ ነው» አላት።

ሥዕሉ ያለበት ወረቀት ሲቀረጽ በቢላው ሥር ተፍቆ አልቋል። ሹንካ ነጥቧን አልሣልኩም ቢል የሚያሳየው የለውም።

«ይስደቡኝ እመቤቴ» አለ ሹንካ ከበሩ፣ «ዕጣኗን ብቻ ላድርስ።»

ሂኮጂን አየና ዓይኑን መለሰ። ነጥቧን ማን እንደጨመረ ሠዓሊው ያውቃል። የገዛ ሥዕሉ ነው፤ እንዴት አያውቅ? ዓመት ሙሉ ባልሠራው ነውር ሲሰደብ ቀራጩን አላሳጣም።

«አስገቢው ኦታኪ» አለ ሂኮጂ። «ነጥቧን የተውኳት እኔ ነኝ። ስትጠይቀኝም ዋሸኋት።»

ኦታኪ ማንቆርቆሪያውን አስቀመጠች። ባሏን አየችው፣ አየችው፤ ከዚያ ከበሩ ገለል አለች።

«ይግቡ» አለች ሹንካን።

ሂኮጂ ቦታውን ለሠዓሊው ለቀቀና እንግዳ ጫማ ወደሚያወልቅበት የአፈር ወለል ወረደ። የሹንካን ሰንደል፣ ሲወጣ እንዲመቸው፣ እንደ አሽከር ወደ ደጅ አዞረለት፤ አንዱን፣ ከዚያ ሌላውን። ከዚያ የቀሩትን ለቀስተኞች ጫማም አንድ በአንድ ማዞር ያዘ።