የሩፋኤል ዝናብ

«እትዬ የሺ፣ ትንሹ ልጅዎ ወንድሙ መስከረም ላይ ስንት ይሞላዋል?» አለ ግዛቸው፣ የንፍሮውን ሳህን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ።

የቀበሌው ጸሐፊ ነው። ከትናንት ወዲያ የትልቁን ልጇን የሙሉጌታን መርዶ ይዞ የመጣውም እሱ ነበር። ዛሬ ጳጉሜ ሦስት፣ ሣልስቱ ነው። ታቦር ተራራ ግርጌ ድንኳን ተተክሏል፤ አስከሬኑ ግን ከጦር ግንባር አልመጣም። ወንበር ላይ ፎቶው ብቻ ቆሟል።

«ልቅሶ ልትደርስ ነው የመጣኸው ወይስ ልትመዘግብ?» አለችው።

«ምን ላድርግ? መዝገቡ በአዲስ ዓመት ይታደሳል። ሦስት ቀን ነው የቀረው። አሥራ ስምንት የሞላው ሁሉ ለብሔራዊ ውትድርና...»

«አንተ ሰውዬ፣ ንፍሮህን ብላና ሂድ!» አለች ጎረቤቷ ታቢታ።

የሺ ፎቶውን አየች። ሙሉጌታ ከልጅነቱ ደቃቃ ነበር። የጎረቤት ልጆች ትምህርት ቤት ሲገቡ እሱን «ገና ስድስት ነው» ብለው መለሱት። እሷ ደግሞ በጄ የምትል ሴት አይደለችም፤ ዳይሬክተሩ በር ላይ ተቀምጣ ዋለች። «ሰባት ሞልቶታል! የወለድኩት እኔ፣ አንተ ምን አገባህ?» ብላ፣ ምላ ተገዝታ አስመዘገበችው። ያቺ አንድ ዓመት ከትምህርት ቤቱ ወረቀት ወደ ቀበሌው መዝገብ ተሻገረች። ከሦስት ዓመት በፊት መስከረም ሲጠባ፣ የአሥራ ሰባት ዓመቱ ልጅ አሥራ ስምንት ሞላህ ተባለ። ሮጣ ቀበሌ ሄዳ፣ «ያኔ ዋሽቼ ነው» አለች።

«የሚዋሹትስ አሁን ነው» አሏት።

ድንገት ዝናቡ ድንኳኑን ይደበድበው ጀመር። የሰፈሩ ሕፃናት ራቁታቸውን ወጥተው፣ «ሩፋኤል አሳድገኝ! ሩፋኤል አሳድገኝ!» እያሉ ይጮሃሉ። እሷም በየዓመቱ በዚህ ቀን ሁለቱን ልጆቿን ልብሳቸውን አስወልቃ ዝናብ ውስጥ ትገፋቸው ነበር። ሙሉጌታ ብርዱን ፈርቶ ሲመለስ፣ «ድንክ ሆነህ ልትቀር ነው?» ብላ እንደገና ታስወጣዋለች።

«ዝም ካሉ እንግዲህ አሥራ ስምንት ብዬ ነው የምጽፈው» አለ ግዛቸው።

የሺ አልሰማችውም። ዓይኗ ደጅ ነበር። ወንድሙ ጎርፉ ልቅሶተኛው ላይ እንዳይገባ በዶማ ቦይ ይቀድዳል፤ ዝናቡ ከራሱ ላይ ይወርዳል።

ሦስት ቀን ሙሉ ደግፈው ያነሷት ሴት ብቻዋን ተነሣች። በባዶ እግሯ ጭቃውን ረግጣ ሄዳ ክንዱን ያዘችው።

«እማ፣ ውሃው ሊገባ ነው እኮ!»

«ይግባ።»

ጎትታ ድንኳኑ ውስጥ አስገባችው። እንደ ሕፃን አጎንብሶ እንዲቆም አድርጋ፣ በነጠላዋ ጫፍ ራሱን፣ አንገቱን፣ ከጆሮው ኋላ ሳይቀር፣ አንዲት ጠብታ ሳታስተርፍ ታደርቀው ጀመር።